ኮሌጅ ወይስ ዩኒቨርሲቲ? ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ስላለው ምርጫ
(በለገጣፎ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተዘጋጀ ዲስኩር)



የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረታችሁ ጥሪውን ባደረሰልኝ ጊዜ የሰጠኝ ርእስ አጭር ነበረ፤ ልጆቻችን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከፈጸሙ በኋላ ወደ ኮሌጅ ይሂዱ ወይስ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚል ነው። ርእሱ አጭር ይሁን እንጂ በየቤቱ የሚያስነሣው ክርክር ረጅም፣ አንዳንድ ጊዜም አባትን ከልጅ፣ ባልን ከሚስት የሚያኳርፍ መሆኑን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስለ አክብሮታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ ከሰበታና ከቡራዩ፣ ከሱሉልታም ጭምር ታክሲ እየቀያየራችሁ ለመጣችሁት ደግሞ ምስጋናዬ እጥፍ ነው።

ንግግሬን በአራት ክፍል እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያ፣ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ የምንላቸው ሁለቱ ቤቶች በሀገራችን እንዴት እንደ ተመሠረቱ በአጭሩ አወሳለሁ። በሁለተኛው ክፍል፣ ዛሬ የሁለቱ ቤቶች በር ለስንቱ እንደሚከፈት፣ ከገቡትም መካከል ስንቱ በምስክርነት እንደሚወጣ እናያለን። በሦስተኛው፣ አንድ ቤተ ሰብ ልጁን ወዴት እንደሚልክ ሲመካከር ሊይዛቸው የሚገቡትን መመዘኛዎች አቀርባለሁ። በአራተኛውና በመጨረሻው፣ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ለየብቻ የምለው አለኝ። የሁሉም ፍሬ ነገር ግን አንድ ነው፤ እርሱም የትምህርት ቤት ስም ብቻውን ሰውን ባለሙያ አያደርገውም፣ ባለሙያ የሚያደርገው የሚያስተምረው መምህርና ተማሪው ራሱ የሚያስመሰክረው ዕውቀት ነው የሚል ነው። ይህን ቃል ደጋግሜ ስላነሣው አትሰልቹኝ።

መጀመሪያ፤ ስለ ሁለቱ ቤቶች አመሠራረት

ዘመናዊው ትምህርት ከመምጣቱ አስቀድሞ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት የተመለከተ ሰው፣ ተማሪው ከንባብ ቤት ወጥቶ ወደ ከፍተኛው ትምህርት በሚሻገርበት ጊዜ የሚጠይቀው የደብሩን ትልቅነት እንዳልነበረ ያስተውላል። ቅኔን የፈለገ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ፣ ድጓን ሊያስመሰክር ያሰበ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን የሻ ወደ ዙር አባ፣ ቅዳሴን የሻ ወደ ደብረ ዓባይ፣ አቋቋምን የወደደ ወደ ጎንደር፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየመንደሩ ቁራሽ እየለመነ በእግሩ ይገሰግስ ነበር እንጂ፣ ስሙ በገነነ አንድ ደብር ተቀምጦ ሁሉን ከዚሁ አገኛለሁ አይልም ነበር። መምህሩ በምን ትምህርት ወንበር እንደ ዘረጋ አስቀድሞ ተጠይቆ ይታወቃል፤ ተማሪውም ትምህርቱን ሲፈጽም በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል፤ ሳያስመሰክር አሥር ዓመት ቢቀመጥ እገሌ ቤት ነበርሁ ማለቱ ብቻ መምህር አያሰኘውም። አባቶቻችን ያወቁትን ይህን ጥበብ እኛ ዛሬ ዘንግተነዋል ብዬ አምናለሁ።

ዘመናዊውም ከፍተኛ ትምህርት ቢሆን በሀገራችን የተጀመረው በኮሌጅ ስም ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ሥራውን ሲጀምር ከጥቂት መምህራንና ከጥቂት ተማሪዎች በቀር ያለው ነገር ትንሽ ነበረ፤ ልዩ ልዩዎቹ ኮሌጆች ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተባሉት በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለትምህርት በሰጡ ጊዜ ነው። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ከኮሌጁ የወጡት ወጣቶች መሥሪያ ቤቶችን አቋቋሙ፣ በትምህርት ቤቶች አስተማሩ፣ የውጭ ሀገር ትምህርታቸውንም ቀጠሉ፤ ማንም «የኮሌጅ ብቻ» ብሎ አላቃለላቸውም።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው በ1940ዎቹ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተመሠረተው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ነበረ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው፤ ይህ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ እያሠለጠነ፣ ሐኪም ታይቶባቸው ወደማያውቁ አውራጃዎች በቡድን በቡድን ይልክ ነበር። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ከሁለት ምንጮች የተቀዳ ነው፤ አንዱ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ነው፤ ሁለተኛው በኋላ የመጣው የመምህራን ትምህርት አካዳሚ ነው። ሩቅ መሄድም አያሻንም፤ ከዚህ ወደ መገናኛ በምትወርዱበት መንገድ የምታልፉት የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን የመምህራን ኮሌጅ ነበረ፣ በየመንደራችን ካሉት አንጋፋ መምህራን ብዙዎቹም የተማሩት ያን ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ መዘርዘሬ ስሙ ሲለወጥ ቤቱ አብሮ ካልተለወጠ ትርፉ የሰሌዳ ቀለም መሆኑን ለማሳየት ነው። የዚህም ተገላቢጦሽ አለ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትና ከነጻነት በኋላ በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በዘመናቸው የመሳፍንቱም የድኻውም ልጅ ለመግባት የሚመኛቸው ነበሩ። ዛሬ በእነዚያው ግቢዎች የእንጦጦና የዊንጌት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተተክለው ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ ግንባታና የመኪና ጥገና ያስተምራሉ። አጥሩ ያው አጥር፣ ጥላው የሰፋውም ዛፍ ያው ዛፍ ሆኖ ሳለ፣ የትናንቱ ተማሪ ሲገባ ቤተ ሰቡ ይኮራ ነበር፤ የዛሬው ሲገባ ግን ቤተ ሰቡ ለጎረቤት ለመንገር ያፍራል። ይህ እፍረት ከወዴት መጣ?

ሥሩ ጥንታዊ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን ስንንቅ ብዙ ዘመን አሳልፈናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ለማሠራት ሲነሡ የእጅ ሥራን ክብር ከፍ ሊያደርጉ ሞከሩ፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድበውን የሚያስጠነቅቅ ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደረሱ። ዐዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አለፈ፤ ዛሬም ግን ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባለት አባት ግብዣ ይደግሳል፣ ልጁ ፖሊቴክኒክ የገባለት አባት «ለጊዜው ነው» እያለ ያስተባብላል። እንግዲህ የመጀመሪያው ክፍል መደምደሚያ ይህ ነው፤ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ የላይኛውና የታችኛው ፎቅ ተብለው ሊለዩ አይገባም፤ ልዩ ልዩ ሥራ የሚሠራባቸው ሁለት ቤቶች ናቸው።

ሁለተኛ፤ ዛሬ በሩ ለስንቱ ይከፈታል?

አሁን ከታሪክ ወደ ዘመናችን እንምጣ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ ከተደረገ ወዲህ ውጤቱ ሀገርን ያስደነገጠ ሆኗል። በዚያ በመጀመሪያው ጊዜ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆነ። ቁጥሩ እያደገ መምጣቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከተፈተኑት መቶ ልጆች መካከል ከዘጠና በላይ የሚሆኑት በቀጥታ የዩኒቨርሲቲን በር የሚያስከፍት ነጥብ አላመጡም ማለት ነው። ከእነርሱ የተሻለ ውጤት ያላቸው ጥቂቶች በአቅም ማሻሻያው፣ እናንተ ሬሜዲያል በምትሉት መርሐ ግብር፣ እንደ ገና የመሞከር ዕድል አግኝተዋል፤ የቀሩት ግን ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። በየቤታችን ልጅን የምናሳድገው፣ የምንመክረውና የምንቈጣው ሁሉም ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ አድርገን ነው፤ ነጥብ ያልመጣለት ልጅ የሚሄድበትን መንገድ ግን አስቀድመን አላሳየነውም። ስለዚህ ውጤቱ በስልኩ ላይ በታየበት ሰዓት ልጁ የሚያነበው ከስድስት መቶ ያገኘው ነጥብ ሳይሆን የሕይወቱ ፍርድ መስሎ ይታየዋል። እናት ታለቅሳለች፣ አባት ዝም ይላል፣ ልጁ ከቤት መውጣት ያቆማል። ከዘጠና በላይ ለሚሆነው ወገን የሚሆን መንገድን እንደ ውርደት የሚቈጥር ማኅበረ ሰብ በገዛ ልጆቹ ላይ ፈራጅ ሆኗል፤ ይህ መታረም አለበት።

በሌላ በኩል ደግሞ በሩን አልፎ መግባትም ፍጻሜ አይደለም። የዲግሪ መውጫ ፈተና በሀገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሰጥ ካለፉት ይልቅ የወደቁት በዙ፤ ያለፉት ከመቶው 40 ያህል ነበሩ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተፈተኑት ከመቶው 62 ያህሉ፣ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ግን ከመቶው 17 ያህሉ ብቻ አለፉ። ይህ ቁጥር ስለ አንድ ስለ ተለየ ተቋም አይፈርድም፤ ከግሎቹ መካከል ተማሪዎቻቸውን በሚገባ አዘጋጅተው ያሳለፉ አሉ፣ ከመንግሥቶቹም መካከል የደከሙ አሉ። ለወላጅ ግን አንድ ብርቱ ትምህርት ይሰጣል፤ ልጄን አስመዘገብሁ ማለትና ልጄ ተማረ ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሦስትና አራት ዓመት ከደመወዙ ቈርሶ የከፈለ አባት፣ ጋዋን የለበሰችውን ልጁን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሳለ የመውጫ ፈተናውን ሳታልፍ ስትቀር የሚሰማውን ኀዘን ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የምታውቁት አትጠፉም። የተቋሙ ስም ብቻውን አላዳናትም። ደግሜ እላለሁ፤ ባለሙያ የሚያደርገው መምህሩና የሚያስመሰክሩት ዕውቀት ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ መመዘኛዎች

ታዲያ እንዴት እንምረጥ? እኔ አራት መመዘኛዎች አቀርባለሁ።

አንደኛው መመዘኛ የልጁ ዝንባሌና የሚመኘው ሙያ የሚጠይቀው መንገድ ነው። ሐኪም፣ ዳኛ፣ የምርምር ሰው ወይም የግድብ መሐንዲስ ለመሆን የሚሻ ወጣት ዩኒቨርሲቲ መግባት ግዴታው ነው፤ ለዚህ አቋራጭ የለም፤ ነጥቡ ካልመጣለትም ተስፋ ሳይቈርጥ እንደ ገና ተዘጋጅቶ መፈተኑ የተገባ ነው። በእጁ ሲሠራ፣ ሲፈታና ሲገጥም አእምሮው የሚበራለት ልጅ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ በንድፈ ሐሳብ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ራሱንም ወንበሩንም ያስጨንቃል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ደንቡ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ነው፤ ሠልጣኙም ከኮሌጁ ወርክሾፕ ሌላ በድርጅቶች ውስጥ በትብብር ሥልጠና እንዲሠራ ይጠበቃል። እንዲህ ያለው ትምህርት ለአንዱ ልጅ ሸክም ሲሆን ለሌላው ክንፍ ነው።

በዚህ ላይ ግን አንድ ስሕተት እንዳትሠሩ አሳስባችኋለሁ፤ የእጅ ሙያ አእምሮ አይጠይቅም ብላችሁ እንዳታስቡ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ከአያት ወደዚህ በሚመጣው መንገድ የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከእነዚህ አንዱ ተበላሽቶ ጋራዥ ሲገባ የሚሆነውን ቆማችሁ ተመልከቱ። ሜካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን አይሰድም፤ አስቀድሞ አነስተኛውን ባትሪ ያላቅቃል፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈውን ጓንት አጥልቆ የዋናውን ባትሪ መስመር የሚያቋርጠውን መሰኪያ ይነቅላል፣ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪረጋ ድረስ ደቂቃዎች ይታገሣል፣ ኤሌክትሪኩ መጥፋቱን በመለኪያው ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ይነካል፤ በእነዚያ ገመዶች ውስጥ የሚያልፈው በመቶዎች የሚቈጠር ቮልት ነውና ቸኩሎ የነካ ሰው ሁለተኛ የመቸኰል ዕድል ላያገኝ ይችላል። ከዚያም የምርመራ መሣሪያውን ሰክቶ የሚወጣለትን የብልሽት ቍጥር ከእንግሊዝኛው መመሪያ ጋር ያስተያያል። ይህ ሰው ፊዚክስ፣ ሒሳብና ቋንቋ ያላወቀ እንደ ሆነ ሥራውን አይሠራም። ባትሪውን የሚያሻሽለው ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ፣ መኪናውን ወደ መንገድ የሚመልሰው ባለሙያ ከፖሊቴክኒክ ይወጣሉ፤ ሀገር አንዱን ይዛ ሌላውን ብትጥል አትቆምም።

የየከተሞቻችንም ኑሮ ይህንኑ ይመሰክራል። የሰበታ ቢራ ፋብሪካ የጠመቃውን ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰውም፣ የጠርሙስ መሙያውን ማሽን የሚጠግን ሰውም ይፈልጋል። የሱሉልታ የወተት ላም ባለቤት ከእንስሳት ሐኪሙ እኩል የማዳቀሉን ሥራ የሚያውቀውን ቴክኒሽያን ይጠራል። በቡራዩ በኩል ያለው ገፈርሳና በእኛ በኩል ያለው ለገዳዲ ለአዲስ አበባ ውኃ የሚያቀርቡት መሐንዲስ ስለ ነደፋቸው ብቻ ሳይሆን፣ ፓምፑን ሌሊትና ቀን የሚጠብቅ የቴክኒክ ሰው ስላለ ነው። በዚያው በሰበታ የልዩ ፍላጎት መምህራንን የሚያሠለጥነው ኮሌጅ ደግሞ፣ ዐይነ ስውሩን ልጅ ፊደል የሚያስቈጥር መምህር ያፈራል፤ ይህን አገልግሎት በማዕርግ ሚዛን የሚለካው ማን ነው?

ሁለተኛው መመዘኛ መምህሩና የመማሪያው መሣሪያ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ተቋሙ ሂዱ። በእንግዳ መቀበያው ክፍል በሚያምረው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አትመለሱ፤ ወርክሾፑን አሳዩን በሉ። ቶርኖው ላይ አቧራ ተኝቶበት ከሆነ፣ የብየዳው ማሽን ከካርቶኑ ያልወጣ ከሆነ፣ የኮምፒውተሩ ክፍል ቁልፍ ያለው ሰው ከጠፋ፣ መልሱን አግኝታችኋል። በቶርኖው ሥር የብረት ብናኝ ፈስሶ፣ የሠልጣኞቹ ቱታ ዘይት ነክቶት፣ መምህሩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘዋወር ካያችሁ ደግሞ፣ ሕንጻው ኪራይ፣ ስሙም ያልገነነ ቢሆን እንኳ ልባችሁ ይረጋ። የግል ተቋም ሲሆን ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠውን የዕውቅና ፈቃድ ጠይቁ፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ለየካምፓሱና ለየትምህርት ክፍሉ በተለይ ስለ ሆነ፣ በመገናኛ የተፈቀደለት ትምህርት በሌላው ቅርንጫፍ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ይህን ሳይጠይቁ ገንዘባቸውን ከፍለው፣ በመጨረሻ የልጃቸው ማስረጃ አይታወቅም የተባሉ ወላጆች በየከተማው አሉ።

ሦስተኛው መመዘኛ ምስክርነቱ ነው። በቤተልሔም ድጓን ያስመሰከረ መምህር በደረሰበት ሁሉ የሚታመነው፣ መስካሪው የታወቀ ስለ ነበረ ነው። ዛሬም በቴክኒክና ሙያ በኩል የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምትሉት፣ በዲግሪም በኩል የመውጫ ፈተና ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ስለዚህ ለተቋሙ ኃላፊ የምታቀርቡት ጥያቄ ስንት ተማሪ አስመረቃችሁ የሚል አይሁን፤ ባለፈው ዓመት ካስፈተናችኋቸው ስንቱ አለፉ፣ ካለፉትስ ስንቱ ሥራ ያዙ በሉት። ደኅና ተቋም ይህ ሲጠየቅ ይደሰታል፤ መዝገቡን ለማውጣት የሚያመነታውን ግን እናንተም አመንቱበት።

አራተኛው መመዘኛ ወጪው፣ ርቀቱና ቀጣዩ በር ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጻ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡን፣ የመኝታውንና የትምህርቱን ከፊል ወጪ ሥራ ሲይዝ ለመክፈል ውል ይገባል። ምደባው ሩቅ ሲሆን የመንገዱ፣ የልብሱና የኪሱ ገንዘብ በወላጅ ላይ ይወድቃል፤ ለአንዱ ደብረ ብርሃን ሲደርሰው ከደጃፋችን በሚያልፈው መንገድ ሄዶ ቅዳሜ ይመለሳል፣ ለሌላው ግን አንድ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ አገር ይደርሰዋል። በቅርብ ያለ ኮሌጅ የመረጠ ደግሞ ቤቱ እያደረ፣ እየሠራም ይማር ይሆናል፤ በምላሹ የየዕለቱን ታክሲ፣ የየመንፈቁንም ክፍያ መቍጠር ያሻዋል። ቀጣዩ በር ስል፣ በደረጃ ሠልጥኖ ምዘናውን ያለፈና በሥራ የቆየ ሰው ወደ ዲግሪ የሚሻገርበት መንገድ መኖሩን ማለቴ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት በዚሁ ዘርፍ እስከ ዲግሪና ከዚያም በላይ ያስተምራል። የመሻገሪያው መመሪያ በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ የተነገራችሁን ወሬ ትታችሁ የወጣውን መመሪያ ጠይቁ።

አራተኛ፤ የመጨረሻ ቃሎቼ

ለወላጆች፤ ልጃችሁን ከጎረቤት ልጅ ጋር አታስተያዩት። ልጁ ግቢ ገባ የተባለለት ጎረቤት ደስታው ደስታችሁ ይሁን፤ የእናንተ ልጅ መንገድ ግን የሚታወቀው በእርሱ ዝንባሌና በውጤቱ ነው። እናንተ ያጣችሁትን ዲግሪ ልጃችሁ እንዲያመጣላችሁ መመኘት ሰብኣዊ ነገር ነው፤ የእናንተን ምኞት ጫንቃው ላይ ጭኖ አራት ዓመት እንዲጓዝ ማስገደድ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ደግሞም ለሴት ልጅ የቀረበው ኮሌጅ ይበቃታል፣ ሩቁ ለወንዱ ነው የሚለውን አሮጌ ሐሳብ ተዉት፤ መመዘኛዎቹ ለሁለቱም አንድ ናቸው።

ለመምህራን፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ምርጫውን የሚሞላው ብዙ ጊዜ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጓደኛው ቅጽ እየገለበጠ ነው። ይህ የእርሱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የሚያማክረው ስላላገኘ ነው። ምክሩ በዘጠነኛ ክፍል ይጀምር። በፖሊቴክኒክ ተምሮ ዛሬ የራሱን ወርክሾፕ ያቋቋመውን ሰው፣ በዩኒቨርሲቲ ተምራ ዛሬ በሆስፒታል የምታክመውን ሴት፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ወደ ክፍል አምጥታችሁ ከልጆቹ ጋር አነጋግሯቸው። ልጆቹ የሁለቱን መንገድ ድካምና ፍሬ ከባለቤቶቹ አፍ ይስሙ።

ለእናንተ ለተማሪዎች፤ ነጥብ የመጣላችሁ ኩራታችሁ በልክ ይሁን፤ የመግቢያ ፈተናን አልፎ በመውጫው የወደቀ ብዙ ነው። ነጥብ ያልመጣላችሁም አንገታችሁን አትድፉ፤ በሦስት ቀን የተሰጠ ፈተና ያላችሁን ዕውቀት በከፊል ለካ እንጂ ሰውነታችሁን አልለካም። ወደ ኮሌጅ የምትሄዱ፣ እዚያ የምትሄዱት ሌላ ስላጣችሁ መሆኑን ለራሳችሁ እየነገራችሁ አትሂዱ፤ እንዲህ ያሰበ ሰው ወርክሾፕ ቢገባም እጁ አይፈታም። ሙያውን መርጫለሁ በሉ፣ ከዚያም በአቅማችሁ የሚበልጣችሁ እስከማይገኝ ድረስ ትጉበት። ወደ ዩኒቨርሲቲም የምትሄዱ፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ ሙከራውን ካልተጠቀማችሁበት አራት ዓመቱ የመኝታ ክፍል ኪራይ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ክቡራን አድማጮቼ፣ ንግግሬን እዚህ ላይ እፈጽማለሁ። በመጨረሻ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ የምዝገባው ቀን ሳይደርስ አንድ ጥዋት መድባችሁ፣ አባትም እናትም ከልጃችሁ ጋር ሆናችሁ ልታስገቡት ወዳሰባችሁት ተቋም ሂዱ፤ መምህሩን አነጋግሩ፣ ወርክሾፑንና ቤተ ሙከራውን ተመልከቱ፣ ፈቃዱንና ያለፈውን ዓመት የፈተና ውጤት ጠይቁ፤ ይህን ሳታደርጉ አንድ ብር አትክፈሉ፣ አንድ ቅጽም አትፈርሙ።